‹‹ወፍ የለም›› ከማለታችን በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹ወፍ የለም›› ማለት ምንም የለም ማለት ነው። ብር ይዘሃል? ወፍ የለም። ታክሲ አለ? ወፍ የለም። መብራት መጣ? ወፍ የለም። የሚገርመው፣ ይህ አባባል የሚነገረው ወፍ በሞላበት ከተማ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሌሊት እየተነሳሁ፣ መቅረጫ ይዤ፣ ከጓደኞቼ ጋር የወፍና የዱር እንስሳት ድምፅ እቀዳለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው።

የዚህ ቻናል ተከታታዮች የምትጠብቁት የዶላር ምንዛሪ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የሰላም ድርድር እንደሆነ አውቃለሁ። ‹‹ጋዜጠኛው ወሬ አልቆበት ወደ ወፍ ገባ›› እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ፣ ጉዳዩ በየክረምቱ ከሚነገረን ትልቅ አገራዊ ቁጥር ጋር የሚገናኝ መሆኑን ታያላችሁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ

ስድስት ነን። አንዱ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ከሁላችንም የተሻለው ማይክ የእሱ ነው። አንዷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። አንዷ ነርስ ናት፤ አንዳንዴ ከአዳር ተራዋ በቀጥታ ትመጣለች። አንዱ ባንክ ይሠራል። አንደኛው ጡረታ የወጡ የደን ባለሙያ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ በጽሑፍ የምኖር፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ፣ ስለዚህ ቅዳሜና ማክሰኞ ብዙም የማይለያዩብኝ ሰው።

የምንገናኘው መስቀል አደባባይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከጀሞም፣ ከሰሚትም፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም ለሚመጣ ሰው የሚመች ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ አደባባዩ ሰው እስኪሟላ መጠበቂያ ብቻ ነበር። እየቆየ ግን ጥበቃው ራሱ ሥራ ሆነ። መኪና ሳይበዛ፣ ረዳቶች ሳይጣሩ ያለችውን አንድ ሰዓት መቅዳት ጀመርን።

መጀመሪያ የሚሰማው ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የሌሊት ጸሎት ነው። ከዚያ ውሾች። ሰማዩ ግራጫ መሆን ሲጀምር ከግዮን ሆቴል ግቢ በኩል ጋጋኖዎች ይነሳሉ። ጋጋኖ የሚሉት ወፍ ከዶሮ ተለቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ምንቃሩ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጉሮሮው ስር ቅንጣቢ ሥጋ የተንጠለጠለበት ነው። በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ሲነሳ በዝምታ አይነሳም። ሃ-ሃ-ሃ-ሃ እያለ፣ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ሽማግሌ ይመስል እየተነጫነጨ፣ በጭንቅላታችን ላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ የወፍ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ወፍራም ምንቃር ቁራ ይመጣል፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንቋርራል። ከዚያ ዋኖሶች፣ ከዚያ በየሕንፃው ጠርዝ የሚያድሩት ርግቦች። ፀሐይ ስትወጣ ጭላቶች እየተፏጨዩ መዞር ይጀምራሉ። ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ‹‹ቦሌ! ቦሌ! ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!›› ይጀመራል፤ ባቡሩም በድልድዩ ላይ ያልፋል፤ የእኛም ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል።

ልብ በሉ፤ አደባባዩ ራሱ ሲሚንቶና ድንጋይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ከመሬት በታች መኪና ማቆሚያ፣ ከላይ ትልልቅ ስክሪን ተሠርቶለታል። ድምፁ የሚመጣው ከዙሪያው ነው፤ ከእስጢፋኖስ ጽዶች፣ ከግዮን ግቢ፣ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ዛፎች፣ ከአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አጥር ውስጥ። ድምፅ የሰማንበትን ሁሉ ካርታ ላይ ነጥብ ብናደርግ፣ የምናገኘው ያረጀ ዛፍ የቀረባቸውን ግቢዎች ዝርዝር ነው። ወፎቹ የከተማውን የዛፍ መዝገብ ከማዘጋጃ ቤቱ ባልተናነሰ ይዘውታል ማለት ነው።

ጫጫታውም ለወፍ ቀላል ነገር አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ጫጫታ ያለበት ሰፈር የሚኖሩ ወፎች ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው እንደሚዘምሩ አሳይቷል፤ የመኪና ጉርምርምታ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚውጠው ነው። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሳን ፍራንሲስኮ ጭር ስትል ደግሞ እዚያ ያሉ ድንቢጥ መሰል ወፎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ከበፊቱ በራቀ ቦታ ሲሰሙ ተገኝተዋል። እኛ ሙዚቃ ቤት አጠገብ ስንነጋገር እንደምንጮኸው እነሱም ይጮሃሉ። መጮህ የማይችለው ይሄዳል።

ሁለቱም አረንጓዴ ነው

ከመስቀል አደባባይ የምንሄደው ብዙ ጊዜ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። ከከተማው ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጥግ የሚገኝ፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሆነ ጥብቅ ቦታ ነው። ያቋቋሙት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ሲሆኑ፣ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ መተካት ነው።

ድምፅ መቅዳት ከሩቅ ሲያዩት ሥራ አይመስልም። ቆሞ ዝም ማለት ነው። ነገር ግን ሕግ አለው። ሲንቀሳቀሱ የሚንኮሻኮሽ ጃኬት አይለበስም። ስልክ ይጠፋል። ማይኩ ላይ ነፋስ እንዳይገባ ፀጉራም ሽፋን ይደረጋል። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ሰው በድምፁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ ይናገራል፤ ይህ ካልተባለ ቅጂው ማስረጃ ሳይሆን የስልክ ጥሪ ማሳመሪያ ነው። ከዚያ አስር ደቂቃ ማንም አይናገርም። ስድስት ኢትዮጵያውያን ፖለቲካ ሳይነሳ አስር ደቂቃ ዝም ሲሉ ማየት ብቻውን ለመምጣት በቂ ምክንያት ነው።

በአንድ የጥቅምት ማለዳ ሁለት ቀረጻ አደረግን። የመጀመሪያው ባሕር ዛፍ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ ጽድና ወይራ፣ ኮሶና ቁጥቋጦ ተደበላልቀው ባሉበት። ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ እኩል አስር ደቂቃ ቀዳን። ከዚያ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን አዳመጥን።

ባሕር ዛፉ ውስጥ የነበረው ድምፅ ነፋስ ነው። ቅጠል ይንሿሿል፣ ቅርፊት ይንጠለጠልና ግንድ ይመታል፣ ከሩቅ ውሻ ይጮኻል። ወፍ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው ቅጂ ግን ገበያ ነው። ሆዱ ብርቱካናማ፣ ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር ያለው አንድ ወፍ አለ፤ እሱ ራሱ መቅረጫ ነው፤ የሌሎቹን ወፎች ድምፅ እየሰረቀ በራሱ ዜማ ውስጥ ይከትታል። ከቁጥቋጦው ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚኖር አንድ ግራጫ ወፍ፣ ጅራቱ ስር ቀላ ያለ፣ ከጓደኛው ጋር እየተቀባበለ ይዘምራል። በላያቸው ላይ ሌሎች ድምፆች ተደራርበዋል፤ የባዮሎጂ መምህሯ ወረቀት ላይ ለመዘርዘር ሞክራ ስሙን የማታውቀው ሲበዛባት ‹‹ያ ቅድም የጮኸው›› እያለች ጻፈች።

ጋሼ ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ ማዳመጫውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦ ‹‹ሁለቱም አረንጓዴ ነው። ሠላሳ ዓመት ሪፖርት ስጽፍ ሁለቱንም ‘በደን የተሸፈነ’ እያልኩ ነው የጻፍኩት። ቅጹ ላይ ሌላ ሳጥን አልነበረም።››

ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ነገር ለእኔ መዝናኛ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ባሕር ዛፍን ለመውቀስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ባይኖር ኖሮ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ትበተን ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቤታችንን ያቆመው፣ እንጀራችንን የጋገረው እሱ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ዓይን ‹‹ደን›› ብሎ የሚያልፈውን ጆሮ ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። የትኛውን እንመን?

ፎቶው ያው ነው፣ ድምፁ የለም

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ያነሳው በርኒ ክራውዝ የሚባል አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ነው። ሙዚቃውን ትቶ የዱር ድምፅ መቅዳት ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ሊንከን ሜዳ የተባለ ቦታ ማለዳ ላይ ቀዳ። አንድ የእንጨት ኩባንያ ለአካባቢው ሰው ቃል ገብቶ ነበር፤ ‹‹ጫካውን አንጨፈጭፍም፣ እዚህም እዚያም እየመረጥን ነው የምንቆርጠው፣ ጉዳት የለውም›› ብሎ። በዓመቱ ክራውዝ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ቀዳ። ፎቶ ብታነሱት ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ዛፍ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ጅረት አለ። በቅጂው ላይ ግን የቀረው በአመዛኙ የጅረቱ ድምፅና አንድ ግንደ ቆርቁር ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት ደጋግሞ ሄደ፤ የቀድሞው ዝማሬ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ወደ እኛ አገር ቁጥር ልምጣ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ የምንሰማው ቁጥር በቢሊዮን ነው። ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ ‹‹ዓለምን ያስደነቀ›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ማን ቆጠረው?›› ይላል። ክርክሩ በየዓመቱ እዚያው ይጀምራል፣ እዚያው ያልቃል፤ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ችግኝ ብዛት ነውና። ስንቱ ጸደቀ የሚለው ጥያቄ ትንሽ የተሻለ ነው። ከዚያ የሚቀጥለውን ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም፤ በጸደቀው ውስጥ ምን ገባበት?

ደን ማለት ብዙ ዛፍ ማለት ብቻ አይደለም። ዘሩን የሚያዛምት ወፍ፣ አበባውን የሚያዳቅል ነፍሳት፣ ትሉን የሚለቅም ሌላ ወፍ የሌለው የዛፍ ክምችት እርሻ ነው። እርሻ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን ስሙ እርሻ ነው። ይህን ከሳተላይት ማየት ያስቸግራል፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ከመሬት ሆኖ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አስር ደቂቃ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው ግን ልዩነቱ ይሰማል።

የድምፅ ጥሩነቱ ለማንም አለማድላቱ ነው። ዘመቻውን የሚደግፍ ሰው፣ የዛሬ አምስት ዓመት ጭር ያለ ኮረብታ ዛሬ በወፍ ድምፅ መሞላቱን በቅጂ ቢያሳይ ከማንኛውም ቢሊዮን የበለጠ አፍ ያዘጋል። የሚጠራጠርም ሰው ጥርጣሬውን በጩኸት ሳይሆን በማስረጃ ያቀርባል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ የ‹‹በፊት›› ቅጂ። የ‹‹በፊት›› ቅጂ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይቀዳም።

ልጨምርና፣ ድምፅ ሁሉን ነገር ይናገራል አልልም። አንድ ማለዳ ጭር አለ ማለት ወፉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዝናብ ሊሆን ይችላል፣ የመራቢያ ወቅቱ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ጭልፊት በላይ እየዞረ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ዓመት በዓመት መመለስ የሚያስፈልገው። አሰልቺ ነው። ጥሩ ማስረጃ ሁሉ አሰልቺ ነው።

‹‹ሰው ቤቱን አጥቶ ስለ ወፍ ታወራለህ?››

ይህን ጥያቄ የምትጽፉልኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልስ።

ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ስንወጣ ካዛንቺስ ነው። ስሙ ራሱ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች፣ ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ከሚለው የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። እናቶች ከጎረቤት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ከደንበኛው ተለያይቷል። ይህ ከወፍ ይበልጣል? ይበልጣል። ማንም ጤነኛ ሰው አይከራከርም።

ነገር ግን ሁለቱ ጉዳዮች አይጣሉም፤ አብረው ነው የሚፈርሱት። ያ ግቢ ሲፈርስ የሄደችው እናት ብቻ አይደለችም፤ ጓሮዋ ያለው ኮክ፣ ጌሾው፣ አጥሩ ላይ የቆመው ጽድም አብሮ ሄዷል። በቦታው የመጣው ሰፊ መንገድ፣ መብራት፣ የተነጠፈ ሣርና ተሰልፎ የቆመ ዘንባባ ነው። ንጹሕ ነው፤ ማታ ማታ ሕዝቡ ወጥቶ ይናፈስበታል፤ እኔም ተናፍሼበታለሁ። ዘንባባው ላይ ግን ጋጋኖ አያድርም።

ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ነበር። ፈንድቃ እዚያው ነበር፤ እሱም በዚያው ሰሞን ከቦታው ተነሳ። የፈንድቃ ሙዚቃ ግን አልጠፋም፤ ተቀድቷል፣ ዓለም ሰምቶታል፣ ነገም ይሰማል። የሰፈሩ ማለዳ ግን ማን ቀዳው? ዶሮው፣ ሙቀጫው፣ ‹‹ልዋጭ!›› የሚለው ልጅ፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘለው ርግብ? ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ፎቶ አለ፤ ድምፅ ግን ሲገኝ በአጋጣሚ፣ ከልደት ቪዲዮ ጀርባ ነው።

የሰውን ኑሮ የሚያከብር መንግሥት ወፉንም ያስባል፤ ወፉን የሚያስብ ደግሞ አሮጌ ግቢ ሲያፈርስ ሁለት ጊዜ ያስባል። እኔ የማየው እንዲህ ነው።

‹‹ወፉ ምን አለ?››

ከተማ ውስጥ መቅረጫ ይዞ መቆም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጠዋት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ አጥር አጠገብ፣ ጥበቃ መጣና አጠገቤ ቆመ።

‹‹ወንድም፣ ምንድን ነው የምትቀርጸው?››

‹‹ወፍ።››

‹‹ወፍ?››

‹‹የወፍ ድምፅ።››

ትንሽ አሰበና፣ ‹‹ወፉ ምን አለ?›› አለኝ። ሥራዬ ጋዜጠኝነት መሆኑን ባልነግረው ይሻላል ብዬ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ከአጥሩ ውስጥ ዋኖስ እያጉረመረመች ነበር። ፊቱ ተለወጠ። ‹‹እቺማ በየጠዋቱ እኔን የምትቀሰቅሰኝ ናት! ይቺን ያህል ትቀርባለች እንዴ?›› አለ። ደስ አለው፤ ደጋግሞ ሰማ። ከዚያ ማዳመጫውን መልሶ ሰጠኝና፣ ‹‹ለማንኛውም እዚህ መቅረጽ ክልክል ነው›› አለኝ።

አልፈርድበትም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። ዜጋ የሚኖርበትን ከተማ ድምፅ ለመቅዳት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠር ከሆነ፣ ቅጂውን የሚይዙት የጉብኝት ፈቃድ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ብቻ ይሆናሉ። እየሆነ ያለውም ይኸው ነው። አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው ማካውሊ ቤተ መዛግብትና እ.ኤ.አ. በ2005 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተጀመረው ዜኖ ካንቶ የዓለምን ወፎች ድምፅ ሰብስበው ለማንም ክፍት አድርገዋል። የእኛም ወፎች እዚያ አሉ፤ ብዙውን የቀዱት ግን እንግዶች ናቸው። ስላደረጉት ይመስገኑ። እንግዳ ግን ለሁለት ሳምንት ይመጣል፤ የሚቀዳውም ብርቅ የሚለውን ወፍ ነው። በዚያው ቦታ በየዓመቱ ተመልሶ የሚቆመው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከገነት ከመጡ ሦስት ወፎች ተማረ የሚል ትውፊት ያለን ሕዝብ ነን። ከቀደምት የድምፅ ቅጂዎቻችን አንዱም የተሠራው እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ምኒልክና ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰም ላይ መልእክት ቀድተው ልከዋል፤ ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል። ዜማን ከወፍ ተማርን እያልን፣ በመቅረጫም ከብዙዎች ቀድመን ተዋውቀን፣ የወፎቻችንን ድምፅ ግን ለሌላ ሰው ትተናል።

አንድ ክንፍ

ይህ ቅንጦት ለሚመስለው ሰው ሁለት ወፍ ልንገረው።

አንደኛው የነጭ ሳር ወፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞቶ የደረቀ ወፍ አገኙ፤ ከዚያ ይዘው የሄዱት አንድ ክንፍ ነው። ያ ክንፍ ከሚታወቅ ከየትኛውም ወፍ ጋር አልገጠመም። በ1995 እ.ኤ.አ. አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የሳይንስ ስሙም ‹‹አንድ ክንፍ ብቻ›› ከሚሉ የላቲን ቃላት የተሠራ ነው። ቀን መሬት ላይ ተለጥፎ የሚውል፣ ማታ የሚበር ወፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ወፎች በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ በጨለማ የሚለዩት በድምፃቸው ነው። የዚህ ወፍ ድምፅ ደግሞ አይታወቅም። ምናልባት ዛሬ ማታም እዚያ ሜዳ ላይ እየጠራ ይሆናል፤ የሰማው እረኛም ይኖራል፤ ‹‹እሱ ነው›› ብሎ የሚያነጻጽርበት ቅጂ ግን የለም።

ሁለተኛው ነገሌ ቦረና አጠገብ የሊበን ሜዳ ወፍ ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሳር ውስጥ ብትረግጡትም የማይታይ። ሜዳው በእርሻ፣ በቁጥቋጦና ከልክ ባለፈ ግጦሽ እየጠበበ ሄዶ፣ ዛሬ ወፉ በዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ነው። ተመራማሪዎች ስንት እንደቀሩ የሚቆጥሩት ወንዱ ወደ ላይ እየበረረ ሲዘምር በመስማት ነው። እዚህ ድምፅ ጌጥ አይደለም፤ የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከቦረና አርብቶ አደሮች ጋር ከግጦሽ የተከለለ ሳር ማዘጋጀት ሲጀመርም፣ ሥራው ውጤት ማምጣቱ የሚታወቀው በዚያው በድምፅ ነው።

አንዱ ወፍ ድምፁ ስላልተቀዳ እንዳለ እንኳ ማረጋገጥ አልተቻለም። ሌላው ድምፁ ስለሚታወቅ የሚቆጥረውና የሚሟገትለት ሰው አግኝቷል።

ምን ይደረግ?

እንደ ልማዳችን ‹‹የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ›› ብዬ አልዘጋም። አራት ነገር አለኝ።

አንድ፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 299/1995። ትልልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ወይም ደን ከመነካቱ በፊት ከሚቀርቡት ሰነዶች ጋር የማለዳ ድምፅ ቅጂ ይያያዝ። ወጪው የአንድ ሰው አንድ ጠዋት ነው። አብሮት የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 300/1995፣ የድምፅ መጠን ገደብ እንዲወጣ ያዝዛል፤ እሱም ከመደርደሪያ ይውረድ።

ሁለት፤ ችግኝ የሚተከልባቸው ቦታዎች በተተከሉበት ዓመት ይቀዱ፤ ከዚያ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በአሥረኛው ዓመት። በክረምቱ መግለጫ ላይ ከቢሊዮኑ ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ድምፅ ቢያሰሙን እኔ በበኩሌ እስከ መጨረሻው እከታተላለሁ።

ሦስት፤ ቅጂው ቤት ይፈልጋል። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አለ። አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ምክትል ዳይሬክተር አያስፈልግም። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ቀንና ቦታ በትክክል የሚጽፍ አንድ ሰው ይበቃል።

አራተኛው የእናንተ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ መቅረጫ አለው። በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ አስቀምጡትና አስር ደቂቃ ቅዱ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን በድምፃችሁ ተናገሩ። ከዚያ ዝም በሉ። የወፉን ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ፋይሉን አታጥፉት። በሚመጣው ዓመት በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ቦታ ድገሙት። ባሕር ዳር ላላችሁ፣ ጎንደር ላላችሁ፣ በየገጠር ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት ደኖች አጠገብ ለምትኖሩ፣ የእናንተ ቅጂ ከእኛ የአዲስ አበባው ይበልጥ ዋጋ አለው፤ እዚያ ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ የቀረው ድምፅ አጥሩ ውስጥ ነውና።

ለጊዜው ማለዳ መውጣት የምትችሉ፣ ቅዳሜ 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ፣ በእስጢፋኖስ በኩል እንገናኝ። ጃኬታችሁ የማይንኮሻኮሽ ይሁን። ቡና ጋሼ ይይዛሉ።